ከግንብ ጋር የሚቀባበለው ልጅ

ስለ ክንፍ ተጫዋች ማወቅ የፈለገ ሰው አቃቂ መጥቶ ቢጠይቅ ወደ እኔ ቤት ይጠቁሙታል። ይህ ጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም አላፍርበትም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ። ማሽኑን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ንባብም እንዲሁ ነው፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ጀመርኩ፣ ዛሬ ይኸው የራሴን እጽፋለሁ። ኳስንማ ማን ያስተምረኛል? በወጣትነቴ የፋብሪካው ቡድን ቀኝ ክንፍ ነበርኩ። ያኔ እኔን ሲጠብቁ የነበሩ ተከላካዮች አርጅተውም እንኳ ገበያ ውስጥ ሲያገኙኝ መንገድ ይለቁልኛል።

ካሠለጠንኳቸው ልጆች አንዱ ትልቅ ክለብ ገብቶ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ኖሯል። ቀኝ ክንፍ ተጫወተ፣ ግራ ክንፍ ተጫወተ። ጋዜጠኞቹ "በሁለቱም እግሩ እኩል የሚጫወት" እያሉ ያደንቁታል፤ ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ግን አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ሜዳችን ከአንድ ፋብሪካ የኋላ ግንብና ከባቡር ሐዲዱ መሃል ያለ ረጅምና ጠባብ መሬት ነበር። በአንድ ጎን መስመሩ ግንቡ ራሱ ነው። በሌላው ጎን ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዶ ሐዲዱ። ኳስ ቦይ ከገባች ከጭቃው ውስጥ እስክትወጣ ጊዜ ይፈጃል። ባቡር ሲያልፍ ጨዋታ ይቆማል፣ ተሳፋሪውም በመስኮት ብቅ እያለ "ይሄ ነው ኳስ?" ይለናል። በግንቡ በኩል ግን ኳሷ ነጥራ ትመለሳለች። ልጆቹ ግንብ በነካች ቁጥር "ወጥታለች፣ አልወጣችም" እያሉ ሲደባደቡ አንድ ቀን መሃላቸው ገብቼ ደንብ አወጣሁ፦ ግንብ የነካች ኳስ አልወጣችም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ከዚያ ወዲህ ከቃሊቲም ይምጣ ከሳሪስ፣ እኛ ሜዳ የረገጠ ቡድን ሁሉ በእኔ ደንብ ይጫወታል።

በዚህ ደንብ እንደዚያ ልጅ የተጠቀመ የለም። ቀጭን ነው፣ እግሩ ረጅም፣ ሲሮጥ ጭንቅላቱ አይነቃነቅም። ተከላካይ ፊቱ ሲደቀን ኳሷን ወደ ግንቡ ይመታታል፣ እሱ በተከላካዩ በሌላው ጎን ያልፋል፣ ኳሷ ከግንቡ ተመልሳ እግሩ ላይ ታርፋለች። ልስኑ የተላጠበትን፣ ድንጋዩ ወጣ ያለበትን፣ ኳስ አጣምሞ የሚመልሰውን ቦታ ሁሉ ያውቀዋል። ከግንቡ መለየት ስለማይወድም ከእረፍት በኋላ ጎል ስንቀያየር እሱ ክንፍ ይቀይራል። ላስረዳ። ቡድናችን ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ሲያጠቃ ግንቡ በቀኙ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ሳሪስ ሲያጠቃ ግንቡ በግራው ይሆናል። ልጁ ታዲያ የመጀመሪያውን አጋማሽ ቀኝ ክንፍ፣ ሁለተኛውን ግራ ክንፍ ይጫወታል። ሌላው ሁሉ ማዶ ለማዶ ሲቀያየር እሱ ግንቡ ሥር ነው። እንዲህ አድርጎ ያደገ ልጅ አንድ እግር ብቻ ሊኖረው አይችልም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ልጁም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ቁጭ ብሏል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው አንድ የክለብ አሠልጣኝ ዘመድ ጥየቃ አቃቂ መጥቶ፣ የሰፈር ዋንጫ ስንጫወት መንገድ ላይ ቆሞ ያየን። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ እኔ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ፊሽካው እዚያም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

"አባቴ፣ ያ ቀጭኑ ልጅ የእርስዎ ነው?"

"እናቱ ወልዳዋለች፣ የቀረው የእኔ ነው" አልኩት።

ሳቀና ሰኞ ልምምድ ላይ ይዤው እንድመጣ ነገረኝ።

እናቱ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አትክልት እየሸጠች ያሳደገችው አንድ ልጇ ነው። የባሏ የሥራ ጓደኛ የነበረ አንድ ፎርማን ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ለልጁ የሥራ ቦታ ይዞላታል። ያን ጊዜ ፋብሪካ ሠራተኛ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ማታውን ደጄ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ ልጄን ምን እያሉት ነው?"

"ክለብ ሊገባ ነው።"

"ፎርማኑ ቦታውን የያዘልኝ እስከ መስቀል ነው። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ይሰጠዋል። ስንቱ ደጅ እየጠናው እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ግን እኔ ያሠለጠንኩትን ማን ይመልሰዋል?"

"አንቱ መቼም ለራስዎ አንሰው አያውቁም" አለችና ነጠላዋን አጥብቃ ለበሰች። "እንግዲያው ይሞክር። እስከ መስቀል ከፈረሙለት ይጫወት። ካልፈረሙለት ግን የፋብሪካውን ቱታ ይለብሳል፣ እርስዎም ሁለተኛ ኳስ የሚባል ነገር አያነሱበትም። ተስማማን?"

ተስማማን። እኔ እንኳ ቶሎ ነው የተስማማሁት፤ መሸነፍ የሚባለው ነገር በሐሳቤም አልነበረ።

ሰኞ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። የክለቡ ሜዳ ሰፊ ነው፣ ዙሪያውን የሩጫ መም አለው፣ ከመሙ ባሻገር የሽቦ አጥር። ሣሩን ሳይ እኔ ራሴ ጫማዬን ማውለቅ ዳዳኝ። ልጁን ቀኝ ክንፍ አሰለፉት። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትደርሰው ተከላካዩ መጣ፣ ልጁም ኳሷን ወደ ውጪ መታትና ተከላካዩን ዞሮ እንደ ነፋስ አለፈው። ኳሷ ግን መሙን ተሻግራ ሽቦው ሥር ደረሰች። ልጁ ባዶ ሜዳ ላይ እጁን ዘርግቶ ኳስ ይጠብቃል።

ደገመው። ሠለሰው። ተጫዋቾቹ መሳሳቅ ጀመሩ።

"ለማን ነው የምታቀብለው?" አለ አሠልጣኙ።

"እዚያ ለተቀመጡት አባት ነው፣ ኮች" አለ ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ወደ እኔ እያመለከተ።

እውነቱን ለመናገር አንዷ ኳስ እኔ ጋ መጥታ ነበር። በቀኝ እግሬ በሚገባ አቁሜ መሃል ሜዳ ድረስ መለስኩላቸው። ያንን ግን ማንም አላደነቀም።

ልምምዱ ሲያልቅ አሠልጣኙ መጣ። "ፍጥነቱ ሌላ ነው፣ አባቴ። ግን ከሰዎች ጋር እየተጫወተ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። ቅዳሜ የወዳጅነት ጨዋታ አለን፣ አሰልፈዋለሁ። እንዲሁ ከሆነ ግን ሰላም ተባብለን እንለያያለን።"

ከቅዳሜ በኋላ መስቀል ነው። ስንመለስ ሳሪስ ላይ ልጁ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም እኮ። እግሬ ነው" አለ። "ተከላካይ ሲመጣብኝ ግንቡ እዚያ ያለ ይመስለኛል።"

"አውቃለሁ።"

"እናቴ ልክ ሳትሆን አትቀርም።"

"እናትህ ቲማቲም ላይ ልክ ናት" አልኩት። ወያላው ሰምቶ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም።

ከደጄ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው የቆየ ወዳጄ ነው። ሥራው ዕቃ መሸጥና እኔን መንካት ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል።

"ደንቡን ያወጣው ማን ነበር?" አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ግንቡን አይሱዙ ላይ አስጭነን ክለቡ ድረስ እንላክለት። ሲሚንቶውን እኔ እችላለሁ።"

"ደንቡ ባይኖር ልጁ አንድ ተከላካይ ማለፍ አይችልም ነበር።"

"አሁንማ ተከላካዩንም መሙንም አለፈ አሉ። ትንሽ ቢገፋበት ደብረ ዘይት ይገባል።"

ትቼው ገባሁ። ደንቤ እንከን አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። እንከኑ የከተማው ሜዳዎች ግንብ አልባ መሆናቸው ነው። ያንን ማስተካከል ስለማልችል ልጁን አስተካክለዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሜዳው ወስጄው ከግንቡ ማዶ፣ በቦዩ በኩል አቆምኩት፣ የመስመሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ እኔ ቆምኩ። ግንቡ እኔ ነኝ። ለእኔ ይሰጠኛል፣ ይሮጣል፣ እመልስለታለሁ። ግንብ አይንቀሳቀስም፣ እኔ ግን ከእሱ ጋር መስመሩን ተከትዬ መሮጥ ነበረብኝ፤ በኮት፣ በቆዳ ጫማ፣ ጭቃ ላይ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሮጠ ሰው አቃቂ ውስጥ አልታየም።

ሦስተኛው ጠዋት ላይ ይመስለኛል እናቱ የጎመን ዘንቢሏን ይዛ ወደ ገበያ ስታልፍ አየችንና ቆመች።

"ጋሼ፣ እንደው ወድቀው ሰው እንዳያስቸግሩ።"

"እኔ ባለሁበት የሚወድቀው ተከላካይ ነው።"

ዘንቢሏን አስቀመጠች። ልጇን ሲጫወት አይታው አታውቅም ነበር። ሜዳ የሚባለው ነገር ለእሷ ልብስ የሚያቆሽሽ ቦታ ነው። ሲሰጠኝ፣ ሲቀበለኝ፣ ሲሰጠኝ፣ አንዳንዴም እግሩ እምቢ ብሎት ኳሷን ቦይ ሲከታት ቆማ አየች።

"ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ" አለች ዘንቢሏን እያነሳች። "የሚሆነውን በዓይኔ ልየው። ለፎርማኑ የምለውን ማወቅ አለብኝ።"

ቅዳሜ ክለቡ ሜዳ ላይ ጃንጥላዋን ይዛ መስመሩ ዳር ከጎኔ ተቀመጠች። ልጁ ቀኝ ክንፍ ነው፣ ልክ ከፊታችን። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲያገኝ ወደ ፊት ተጎነበስኩ። ወደ ውጪ አልመታትም። ሥልጠናዬ ሠርቷል። ግን ወደ ፊትም አልሄደም፤ ዞሮ ለተከላካያችን ሰጠ። የሚቀጥለዋንም ወደ ኋላ ሰጠ። ሁሉንም ወደ ኋላ ሰጠ። የእኔ ልጅ፣ ሰው ሳያልፍ ውሎ የማያውቀው፣ ኳሷ እግሩን የምታቃጥለው ይመስል ነበር።

"ጎሉ ወዲያ ነው አይደል?" አለችኝ እናቱ።

"ወዲያ ነው።"

"ታዲያ ለምን ወዲህ ይሰጣል?"

"ተከላካዩን እያጠናው ነው።"

"ምን ያህል ነው የሚጠናው?"

አሠልጣኙ ከወንበሩ ተነስቶ አንድ ሌላ ልጅ ሰውነቱን እንዲያሟሙቅ ሲያዘው አይቻለሁ። እሷም አይታለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም፤ ገብቷታል። ጃንጥላዋን ዘጋች።

ለእረፍት ወጡ፣ ተመለሱ፣ ጎል ተቀያየሩ። አሠልጣኙ ጥቂት ደቂቃ ሊጨምርለት አስቦ መሰለኝ ልጁን አልቀየረውም። ልጁም አንገቱን ደፍቶ እየተራመደ መጣና ቀድሞ የነበረበት ቦታ፣ እፊታችን፣ ቆመ።

እኔ ገና ሲመጣ ነው የገባኝ። ቡድኑ ፊቱን አዙሯል፤ ቀኝ ክንፍ የነበረው አሁን ማዶ መሻገር ነበረበት። ልጁ ግን በሐሳብ ተውጦ አቃቂ እንደሚያደርገው ግንቡ ሥር መቆሙ ነው። ግራ ክንፉ፣ አንድ ረጅም ልጅ፣ ከማዶ ተሻግሮ ቦታውን ሊይዝ መጣና መስመሩ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

"ወንድም፣ እዚህ የእኔ ነው።"

"ምኑ?"

"ግራ ነዋ። ያንተ ማዶ ነው።"

ዳኛው ነፍቷል። አሠልጣኙ ከማዶ "ቀኝ፣ ቀኝ፣ ወዴት ነው የምትሄደው" እያለ ይጮሃል። እናቱ የኮቴን እጅጌ ያዘች።

"ምን አጠፋ?"

"ቦታ ተሳሳተ።"

ሁለቱ ክንፎች አንድ ቦታ ቆመው ሲከራከሩ ኳሷ መጣች። ልጁ ለመፍራት ጊዜ አላገኘም። በግራ እግሩ አቆማት። ተከላካዩ ሲመጣበት እግሩ የለመደውን አደረገ፤ ወደ መስመሩ መታት። መስመሩ ላይ ግን ያ ረጅም ልጅ ቆሟል። ኳሷ እግሩ ላይ ስታርፍ ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው መለሳት። ልጁ ተከላካዩን በውስጥ በኩል ዞሮት ነበርና ኳሷ የሚሮጥበት ቦታ ደረሰችለት። የማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ እስኪደርስ ማንም አልደረሰበትም። በግራ እግሩ አሻማት፤ አጥቂው በግንባሩ ገጭቶ ከመረብ አገናኛት።

እናቱ እጅጌዬን አልለቀቀችም።

አሠልጣኙ መጮኹን አቁሟል። ከማዶ ሜዳውን ዞሮ እየሮጠ እኛ ጋ ሲደርስ ልጁን ጠራው።

"ግራኝ ነህ እንዴ?"

"ቀኝም ነኝ።"

"እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝም፣ ኮች።"

አሠልጣኙ ትንሽ አሰበና ረጅሙን ልጅ ወደ ማዶ ላከው፣ ልጁንም እዚያው ተወው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዘረዝረው አታምኑኝም፤ ያ ተከላካይ ጨዋታው ሳያልቅ ተቀይሮ ወጣ ብል ይበቃል። ልጁ ኳሷን አንዳንዴ ለመሃል ተጫዋቹ፣ አንዳንዴ ከኋላው ለሚመጣው ተከላካያችን ይሰጥና ሩጫውን ይቀጥላል፤ እየመለሱለት ይሄዳል። ሰው ሁሉ ግንብ ሆነለት። ያንን በጭቃው ላይ ማን እንዳስለመደው አንባቢ አይጠፋውም።

ሲያልቅ አሠልጣኙ ወደ እኔ መጣ።

"በሁለቱም እግሩ እንዲህ እንዲጫወት ያደረገው ማን ነው?"

"ፊትዎ የቆመው ነው" አልኩት። ከዚያ ሚዛን ለመጠበቅ "ግንቡም ትንሽ አግዞኛል" ብዬ ጨመርኩ። የትኛው ግንብ እንደሆነ ባያውቅም ራሱን ነቀነቀ። ሰኞ መጥቶ እንዲፈርም ነገረን።

በሚኒባሱ ልጁ መሃላችን ተቀምጦ እናቱን በጎን ያያታል። እሷ ወደ መስኮቱ ነው የምታየው። ቃሊቲን ካለፍን በኋላ ዞረች።

"ትፈልገዋለህ?"

"እፈልገዋለሁ።"

"ያ ፋብሪካ ከእጅህ ከወጣ አይመለስም።"

"አውቃለሁ፣ እማ።"

እኔ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማኝ እንደሌለ ታወቀኝና ዝም አልኩ።

ሰኞ ፈረመ። በማግስቱ እናቱ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ መጣችና ብረታ ብረት ፋብሪካው ድረስ እንድሸኛት ጠየቀችኝ። ልጁን መላክ ትችል ነበር፣ ዝም ብላ መቅረትም ትችል ነበር። ቦታውን ለምና ያገኘችው እሷ ስለሆነች የምትመልሰውም እሷ መሆን እንዳለባት ነገረችኝ። ፎርማኑ በር ድረስ ወጣ። የሰማውን ማመን አቃተው።

"እቴ፣ ሰው ይህን ቦታ እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚለምነኝ።"

"ለዚያ ነው ከመስቀል በፊት የመጣሁት። ለሚለምንህ ስጥልኝ።"

"ኳስ የሚጫወት ሰው እግሩ ቢሰበርስ? ያኔ ወዴት ሊሄድ ነው?"

እዚህ ላይ መልስ ነበረኝ። ስለ አጥንትም፣ ስለ መሬት አወዳደቅም ማንም የማያውቀውን አውቃለሁ። አፌን ስከፍት "ይተዉ፣ ጋሼ" አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

"ከተሰበረ ቤቱ ይመጣል" አለችው ፎርማኑን። "እኔ እዚያው ነኝ።"

ፎርማኑ እጇን ጨብጦ ገባ። በሩ ሲዘጋ ትንሽ ቆመች፤ የምትሄድበት የጠፋት መሰለኝ። ከዚያ ወደ ገበያው መንገድ ጀመረች፣ እኔም አብሬያት። ታክሲ ቢያልፈንም አላስቆመችም።

"ጋሼ፣ ያ ረጅሙ ልጅ ኳሷን ባይመልስለት ኖሮስ?"

"ሌላ ሰው ይመልስለታል።"

"ሌላውም ባይመልስለት?"

"ያኔ ራሱ ያልፋል። እንዴት እንደሚያልፍ ልንገርሽ?"

"ይንገሩኝ" አለች።

ነገርኳት። የክንፍ ተጫዋች መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚሮጥ፣ ተከላካይ በየትኛው እግሩ ላይ ሲደገፍ እንደሚታለፍ፣ አንዱንም ሳላስቀር። ገበያው ደርሰን እንኳ አትክልቷን ሳትዘረጋ ቆማ ሰማችኝ። ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን አጥብቆ ያዳመጠኝ ግን የለም።